የአዚዝ ሳንጃር ጥናቶች፦ «ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ተጠቀሰ» ሲባል ምን ማለት ነው?



በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት መልእክት አለ። የአንድ ሙስሊም ስም ያለው ሳይንቲስት ፎቶ፣ ከሥሩ «ይህን ያህል ጥናት አሳተመ፣ ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ተጠቀሰ» የሚል ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማሻአላህ፣ ሼር አድርጉ»። እኛም እናያለን፤ ደስ ይለናል፤ እናጋራለን። ነገር ግን ያ ቁጥር ምን እንደሚለካ ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን አማካሪ መምህር ሲመርጡ፣ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲያመለክቱ፣ መምህራን ለደረጃ ዕድገት ሲቀርቡ በእነዚህ ቁጥሮች ይመዘናሉ። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ክትባትና ስለ ምግብ «ጥናት አረጋግጧል» እየተባለ የሚነገረንም በጥናታዊ ጽሑፎችና በተጠቀሱበት ቁጥር ላይ ቆሞ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ያልቻለ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድም የማይገባውን ያከብራል፣ አንድም የሚገባውን ይንቃል።

ስለዚህ ዛሬ የአንድን የሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ የሥራ ታሪክ ይዘን ነገሩን ደረጃ በደረጃ እናያለን። ተመራማሪው ቱርካዊው ፕሮፌሰር አዚዝ ሳንጃር ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሳቩር ተነስተው

አዚዝ ሳንጃር በ1946 በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ በማርዲን ግዛት፣ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ናቸው። ወላጆቻቸው ማንበብና መጻፍ ባይችሉም ልጆቻቸው እንዲማሩ ግን አጥብቀው የሚሹ ነበሩ። አዚዝ በወጣትነታቸው ጎበዝ በረኛ ነበሩ፤ በመጨረሻ ግን ኳሱን ትተው ትምህርቱን መረጡ። በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1969 ተመረቁና ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው በሐኪምነት አገለገሉ።

ከዚያ ልባቸው ወደ ምርምር አደላ። አሜሪካ ሄደው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ፣ ክላውድ ስታንሊ ሩፐርት በተባሉ ተመራማሪ ሥር ተማሩ። ሩፐርት የያዙት ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ በአልትራቫዮሌት ጨረር ተመትተው ሊሞቱ የደረሱ ባክቴሪያዎች ሰማያዊ ብርሃን ሲበራባቸው ለምን ነፍስ ይዘራሉ? ለዚህ ምክንያት የሆነው ፎቶላይዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። አዚዝ ሳንጃር በ1976 ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረመል ለይተው ማባዛት ቻሉ። በ1977 በዚሁ ሥራ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ።

አሁን ልብ ብለን እናንብብ። ይህን ሥራ ይዘው ለድኅረ ዶክትሬት ምርምር ሦስት ቦታ አመለከቱ። ከሦስቱም ቦታ የመጣው መልስ «አይሆንም» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራው የብዙ ሰው ትኩረት አልሳበም ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄውን ላለመተው ሲሉ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። ዶክትሬት ያለው ሐኪም፣ ቴክኒሻን! በ2015 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ዋናው ክፍል የተጀመረው ግን እዚያው ቴክኒሻን ሆነው በገቡበት ላቦራቶሪ ነው።

ምን አገኙ?

በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ እንበል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የተጣበቀ ፊደል በትክክል አይነበብም፤ ስሕተቱ ከተጠራቀመ ደግሞ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው፣ በየቀኑ ፀሐይ የሚመታን ሰዎች እንዴት ደህና ሆነን እንቆያለን የሚል ነው።

አዚዝ ሳንጃር ከዲን ሩፕ ጋር በዬል ሆነው በባክቴሪያ ውስጥ ዩቪአርኤ፣ ዩቪአርቢ እና ዩቪአርሲ የሚባሉ ሦስት ፕሮቲኖችን አጠኑ። በ1983 «ሴል» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ሦስቱ ተባብረው የተበላሸውን ቦታ በግራና በቀኝ እንደሚቆርጡ አሳዩ። ከ12 እስከ 13 ፊደላት ያሉት ቁራጭ ይወጣል፤ ከዚያ ክፍተቱ በአዲስ ፊደላት ይሞላል። ልብስ ሰፊ የተቃጠለውን ጨርቅ ዙሪያውን ቆርጦ በሌላ ጨርቅ እንደሚጠግነው ማለት ነው። ቆይተውም በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል በሰው ሕዋስ ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ጥገና አጠኑ፤ በሰው ላይ የሚወጣው ቁራጭ የበለጠ ረጅም፣ ወደ 30 ፊደላት የሚጠጋ ነው።

ይህ ጥገና ከተወለዱ ጀምሮ የጎደላቸው ሰዎች አሉ። ትንሽ ፀሐይ ቆዳቸውን ያቃጥለዋል፤ ገና በልጅነታቸው ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ። በሌላ በኩል ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚሠራው የዕጢውን ዲኤንኤ በማበላሸት ነው፤ ዕጢው ያንን ብልሽት በዚሁ መንገድ ከጠገነው መድኃኒቱ ይደክማል። ሥራው ለምን ብዙ ተመራማሪዎችን እንዳገናኘ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሽልማቱን ከቶማስ ሊንዳል እና ከፖል ሞድሪች ጋር ተካፈሉ። ሦስቱም ዲኤንኤ የሚጠገንባቸውን የተለያዩ መንገዶች ያጠኑ ናቸው። ከጸሐፊው ኦርሃን ፓሙክ ቀጥሎ አዚዝ ሳንጃር የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሁለተኛው ቱርካዊ ሆኑ። በ2016 ሜዳሊያቸውን ወደ አገራቸው ወስደው አንካራ በሚገኘው የአታቱርክ መቃብር ሙዚየም እንዲቀመጥ አበረከቱት።

መጠቀስ ምንድን ነው?

ተመራማሪ አንድ ነገር ሲያገኝ ጽፎ ወደ ምርምር መጽሔት ይልካል። አዘጋጁ በዘርፉ ላሉ ሌሎች ባለሙያዎች ይሰጠዋል። እነሱ ይመረምሩታል፤ ይጠይቁታል፤ አርም ይሉታል ወይም ይጥሉታል። ይህን ያለፈው ይታተማል። ከታተመ በኋላ ሌላ ተመራማሪ የራሱን ጥናት ሲጽፍ «ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ሥራ ነው» ብሎ ምንጩን ይጠቅሳል። አንድ ጥናት ተጠቀሰ የሚባለው ይህ ሲሆን ነው። ቁጥሩም እንዲህ ያሉ ጠቃሾች ስንት እንደሆኑ ይነግረናል።

አዚዝ ሳንጃር ባለፉት አሥርት ዓመታት በብቸኝነትና ከሌሎች ጋር ከ400 በላይ ጥናታዊ ጽሑፎች አሳትመዋል። ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ 400 ጥናት ጻፈ ማለት አይደለም። በሞለኪውላር ባዮሎጂ በጥናቱ ላይ ያለው የስም ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። ብዙውን ጊዜ ፊተኛው ስም ሙከራውን በእጁ የሠራው ነው፤ ተማሪ ወይም ወጣት ተመራማሪ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ስም ደግሞ ላቦራቶሪውን የሚመራውና ለሥራው ኃላፊ የሆነው ነው። ስለዚህ የአንድ አንጋፋ ተመራማሪ ረጅም ዝርዝር የብዙ ተማሪዎችና የሥራ ባልደረቦች ድካምም ጭምር ነው። ባለቤታቸው ግዌንዶሊን ሳንጃርም የዲኤንኤ ጥገና ተመራማሪ ናቸው።

ሦስቱ ቁጥሮች

በየቦታው የሚያጋጥሙን ቁጥሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ጠቅላላ የተጠቀሰበት ብዛት ነው። ጥናቶቹ ሁሉ በሌሎች የተጠቀሱበት ድምር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከመዝገብ መዝገብ ይለያያል። ጎግል ስኮላር መጻሕፍትንም፣ የመመረቂያ ጽሑፎችንም፣ ገና ያልተገመገሙ ጽሑፎችንም ስለሚቆጥር ከፍ ይላል። ዌብ ኦፍ ሳይንስ እና ስኮፐስ መርጠው ስለሚመዘግቡ ዝቅ ይላል። «ይህን ያህል ጊዜ ተጠቀሰ» የሚል መልእክት ከየትኛው መዝገብና መቼ እንደተወሰደ ካልነገረን ግማሽ መረጃ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የፕሮፌሰሩን ድምር ያላስቀመጥነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ብንጽፈው በሚቀጥለው ወር ይለወጣል።

ሁለተኛው ኤች-ኢንዴክስ የሚባለው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረቡት መለኪያ ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ ተመራማሪ አምስት ጥናቶች አሉት እንበል፤ የተጠቀሱትም 10፣ 8፣ 5፣ 4 እና 3 ጊዜ ነው። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጥናቶች ስላሉት ቁጥሩ 4 ይሆናል። አምስት እንዳይሆን አምስተኛው ጥናት የተጠቀሰው 3 ጊዜ ብቻ ነው። በአንጻሩ በሕይወቱ አንድ ጥናት ብቻ አሳትሞ እሱ 5,000 ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ቁጥሩ 1 ነው። በተጨማሪም ይህ ቁጥር ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የ30 ዓመት ወጣትን ከ70 ዓመት አዛውንት ጋር በእሱ ማወዳደር ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛው ኢምፓክት ፋክተር ነው። ይህ የሰው ሳይሆን የመጽሔቱ ቁጥር ነው። አንድ መጽሔት በሁለት ዓመት ውስጥ 200 ጥናት አወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት እነዚያ ጥናቶች 1,000 ጊዜ ተጠቀሱ እንበል፤ 1,000 ለ200 ሲካፈል 5 ይሆናል። ሐሳቡን ያመጡት ዩጂን ጋርፊልድ ሲሆኑ ዓላማውም መጽሔቶችን ለመምረጥ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሰዎችን መመዘኛ ተደረገ። አማካይ እንደመሆኑ በከፍተኛ መጽሔት ላይ ማንም የማይጠቅሰው ጥናት ሊኖር ይችላል፤ በዝቅተኛውም ላይ ዕንቁ ሊገኝ ይችላል። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰባሰቡ የሳይንስ ሰዎች አንድን ተመራማሪ በመጽሔቱ ቁጥር መመዘን እንዲቆም የሚጠይቅ መግለጫ ያዘጋጁት ለዚህ ነው።

ቁጥሩ የማይናገረው

በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው ጥናት ካንሰርን የፈወሰ ወይም የዲኤንኤን ቅርጽ ያገኘ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ኦሊቨር ላውሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1951 ያወጡት፣ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ስንት ፕሮቲን እንዳለ የሚለካበትን ዘዴ የሚያስተምር ጽሑፍ ነው። እስከ 2014 ድረስ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ለምን? ፕሮቲን የሚለካ ሁሉ ዘዴውን ስለሚጠቅስ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ብዙ መጠቀሱ ከሌሎቹ ግኝቶች ሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም። አዚዝ ሳንጃርም በ1979 በባክቴሪያ ውስጥ የተፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ የማያ ቀላል ዘዴ አሳትመው ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ተቀብለው ሠሩበት።

በክፋት የሚጠቀስም አለ። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ ከሌሎች ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። ይሁንና በብዙ ጥናቶች ይጠቀሳል፤ አብዛኞቹ የሚጠቅሱት ስሕተቱን ለማሳየት ነው። ቆጣሪው ማሽን ግን ምስጋናውንና ትችቱን ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም አንድ ብሎ ይቆጥራል። በወሬው ምክንያት ልጆቻቸውን ያላስከተቡ ወላጆች ግን ዋጋ ከፍለዋል።

ሳይጠቀስ የቆየ ዕንቁም አለ። ሃንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮ በኤምአርኤንኤ ላይ ሲሠሩ በ1990ዎቹ በዩኒቨርሲቲያቸው ከነበሩበት ደረጃ ዝቅ ተደርገው ነበር። ከድሩ ዋይስማን ጋር በ2005 ያሳተሙት ጥናት መጀመሪያ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በኮሮና ዘመን ግን የክትባቱ መሠረት ሆነ፤ በ2023 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የአዚዝ ሳንጃር ሦስት «አይሆንም»ም ከዚሁ ወገን ነው። በ1977 በቁጥር ብቻ ቢመዘኑ ኖሮ ሚዛኑ ባላነሳቸው ነበር።

የሐዲስ ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህ ነገር አይከብደውም። አንድ ዘገባ በመቶ ሰው አፍ ስለተነገረ ብቻ አይጠነክርም፤ መቶዎቹ ሁሉ የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ አንድ ነው። ዑለሞች ስንት ሰው እንዳወራው ብቻ ሳይሆን ማን ከማን እንደሰማ፣ መገናኘታቸውን፣ ታማኝነታቸውንና የማስታወስ ብቃታቸውን ይመረምራሉ። ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ናቸው አንልም። ነገር ግን ቁጥርን ከጥራት ለይቶ የማየት ልማድ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም።

የእኛ ስምና የእኛ ሥራ

ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ደግሞ ለብቻው የሚመጣ ችግር አለ፤ ስም ነው። መዝገቦቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። እኛ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው። አንድ መሐመድ አሕመድ ጥናት ሲያወጣ መዝገቡ «አሕመድ» የሚለውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል፤ የራሱ ስም ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚጻፉ ስንት ሰዎች አሉ! በዚያ ላይ መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋል። ዘንድሮ በአንድ ዓይነት፣ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ዓይነት ከተጻፈ የአንዱ ሰው ሥራ የሁለት ሰው ይመስላል፤ ወይም የሌላ ሰው ሥራ በእሱ ላይ ይደመራል። ቁጥሩ ትልቅም ትንሽም ሆኖ ውሸት ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ16 አሃዝ መለያ አለ፤ በነጻ ይሰጣል። ወጣት ተመራማሪዎቻችን የመጀመሪያ ጥናታቸውን ከመላካቸው በፊት መለያውን ያውጡ፤ የስማቸውንም አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስነው እሱን ብቻ ይጠቀሙ። በውጭ አገር ያሉ ወንድምና እህቶችም ፓስፖርታቸው ላይ ያለውን አጻጻፍ ቢከተሉ ድካማቸው አይበተንም።

ሌላው ወጥመድ ገንዘብ ተቀብለው ሁሉን የሚያትሙ መጽሔቶች ናቸው። በማስተማር ላይ በነበርንበት ጊዜ እንዲህ ያለ ኢሜይል ደርሶናል። «ክቡር ፕሮፌሰር» ይላል፤ እኛ ግን ፕሮፌሰር አልነበርንም። ከዘርፋችን ውጭ ባለ ርዕስ እንድንጽፍ ይጋብዛል፤ በጥቂት ቀናት እንደሚያትም ቃል ይገባል፤ መጨረሻ ላይ ክፍያውን ይጠቅሳል። እውነተኛ ግምገማ በቀናት አያልቅም። የደረጃ ዕድገት በጥናት ብዛት በሚቆጠርበት ቦታ ሁሉ ይህ ወጥመድ ሰው ይይዛል። ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ስም ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሔት ላይ የወጣ መልካም ሥራም ይጠረጠራል። ሐቀኛ መጽሔቶችም ክፍያ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ልዩነቱ ክፍያው ሳይሆን ግምገማው መኖሩ ነው።

ከማጋራታችን በፊት

እንግዲህ «ይህን ያህል ጥናት፣ ይህን ያህል ሺህ ጊዜ» የሚል መልእክት ሲደርሰን ጥቂት ጥያቄ እንጠይቅ። ቁጥሩ ከየትኛው መዝገብ፣ መቼ ተወሰደ? ሰውየው በጥናቱ ላይ ፊተኛ ነው፣ መጨረሻ ነው ወይስ ከብዙ ስሞች መሐል አንዱ? ዘርፉ ምንድን ነው? በባዮሎጂ ተራ የሆነ ቁጥር በሒሳብ ትልቅ ሊሆን ይችላልና። ጠቃሾቹ ሌሎች ናቸው ወይስ ራሱ ራሱን ይጠቅሳል? ጥናቱ ተሰርዟል? የሕይወትና የሕክምና ጥናት ከሆነ ፐብሜድ በተባለው የአሜሪካ መንግሥት ነጻ መዝገብ ርዕሱን ጽፎ ማየት ይቻላል፤ ተሰርዞ ከሆነ እዚያው ምልክት ይደረግበታል።

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ይህ ሰው ምን አገኘ?» የሚለው ነው። ስለ አዚዝ ሳንጃር አንድ ነገር ለልጆቻችን መንገር ከፈለግን ከ400 በላይ ጥናት አሳተሙ ከማለት ይልቅ፣ ፀሐይ ያበላሸውን ዲኤንኤ ሕዋሳችን እንዴት ቆርጦ እንደሚያወጣ አሳዩን ብንል ይሻላል። ከዚያም ሦስት ቦታ ተከልክለው በቴክኒሻንነት እንደገቡ፣ በወጣትነት የጀመሩትን የፎቶላይዝ ጥያቄ ትተውት እንዳልቀሩና በ2005 ኢንዛይሙ ሲጠግን በቀጥታ የታየበትን ጥናት ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳተሙ እንንገራቸው። ከ1976 እስከ 2005 ስንት ዓመት ነው? 29 ዓመት። ይህን ትዕግሥት የሚቆጥር ኢንዴክስ የለም።

ዛሬ በየላቦራቶሪው፣ በየቤተ መጻሕፍቱ የመጀመሪያውን «አይሆንም» ተቀብሎ ልቡ የተሰበረ ወንድም ወይም እህት ይኖራል። ቁጥራቸው ገና ዜሮ ሊሆን ይችላል። ያ ዜሮ የሥራቸው ዋጋ አይደለም። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ድካማቸውንም ይባርክላቸው።